ማይኩ ጥርት፣ ድምፃዊቷ ጭጋግ፦ 9 ወር ከ70–200 ኤፍ 4 ሌንስ ጋር

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ አንድ ፎቶ ነው። ድምፃዊቷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላለች፣ የዘፈኑን ከፍተኛ ድምፅ ይዛ ልትለቀው አልፈለገችም። ከኋላዋ አንድ ብርቱካናማ መብራት ብቻ በርቷል። አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳያት «አገኘኋት!» አልኩ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋት ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የማይኩ ማቆሚያ ብሎኑ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ የማይኩ የሽቦ ወንፊት ቀዳዳው ይቆጠራል፤ የድምፃዊቷ ፊት ግን ውኃ እንደነካው ቀለም ፈሷል። ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/40ኛ ሰከንድ ነበር።

የምናገርለት ሌንስ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 4 የሆነ፣ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስታግስ መሣሪያ) ያለው ዙም ነው። ካሜራዬ ፉል ፍሬም ነው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ ነው። ሌንሱን የገዛሁት የሙዚቃ መድረክ ላነሳበት ብቻ ነው፣ ላለፉት 9 ወራትም ከ20 በላይ በሚሆኑ ምሽቶች ይዤው ገብቻለሁ። ቀን ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ምንም አይወጣለትም፤ በዚያ አልከሰውም። ግን እኔ ለቀን አልገዛሁትም።

ስገዛው ከፊቴ ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ ይህ ሲሆን ሌላው ኤፍ 2.8 የሆነው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ዋጋውም ከዚህኛው ብዙ ይርቃል። ሻጩ የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ስቶፕ ልዩነት ነው። ይህ ደግሞ የ4 ስቶፕ ስታቢላይዘር አለው። አንድ ታጣለህ፣ አራት ታገኛለህ» አለኝ። ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነው። ሒሳቡ አፍ ያስይዛል። እኔም አመንኩት፣ ከፍዬ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሙም ያው ስታቢላይዘር እንዳለው ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው፤ ስለዚህ «አራት ታገኛለህ» የተባልኩት ነገር ከመጀመሪያውም በሁለቱም በኩል እኩል የነበረ ነው። የቀረልኝ «አንድ ታጣለህ» የሚለው ብቻ ነበር።

ይህ ግን ትንሹ ቅሬታዬ ነው። ዋናው ሌላ ነው።

ስታቢላይዘር የሚሠራው ሌንሱ ውስጥ ያለ አንድ የመስታወት ክፍል እጃችን ከሚንቀጠቀጥበት በተቃራኒ እየተንቀሳቀሰ ነው። የሚያስታግሰው የእኛን እጅ ነው። በ200 ሚሊ ሜትር ያለ ስታቢላይዘር ለማንሳት ሹተሩ ቢያንስ 1/200ኛ ይሁን የሚባል የቆየ ልማድ አለ። አራት ስቶፕ ከዚያ ላይ ሲቀነስ ወደ 1/13ኛ ይወርዳል። እውነት ነው፣ ሞክሬዋለሁ፤ በ1/13ኛ ሰከንድ የማይክ ማቆሚያ፣ ስፒከር፣ ወንበር ላይ የተጋደመ ጊታር ጥርት ብለው ይወጣሉ። ድምፃዊቷ ግን እጄ ላይ አይደለችም። እሷ ትተነፍሳለች፣ ትወዛወዛለች፣ አገጯ ይንቀሳቀሳል። ማይክ ላይ ቆማ ቀስ ብላ ስትዘፍን እንኳ ከ1/160ኛ በታች ልወርድ አልችልም። መድረኩን ስትዞርበት 1/250ኛ ያስፈልገኛል። ድራመሩን ዱላው አየር ላይ እያለ ለመያዝ 1/500ኛም አይበቃም፤ እጁ ይቆምና የዱላው ጫፍ ይጠፋል።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ1/250ኛ ሰከንድ የእጄ መንቀጥቀጥ ያለ ስታቢላይዘርም ከሞላ ጎደል ቆሟል። ስታቢላይዘሩ በደንብ የሚጠቅመኝ ከ1/100ኛ በታች ስወርድ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማነሳው ሰው ይጠፋብኛል። የተሸጠልኝ የ4 ስቶፕ ስጦታ የተቀመጠው የኮንሰርት ፎቶ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ሻጩን በሐሳቤ ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፣ መልስም አያጣም። «እንግዲያው አይኤስኦውን ጨምረው፤ የዛሬ ካሜራ ይሸከማል» ይለኛል። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት ነው፤ ሲጨምር ፎቶው ይደምቃል፣ ኖይዝ የሚባለው አሸዋ መሰል ነጠብጣብም ይበዛበታል። ወንድሜ፣ ጨምሬዋለሁ። ብዙ ጊዜ በማነሳበት አነስተኛ አዳራሽ በኤፍ 4 እና በ1/250ኛ ለመሥራት አይኤስኦ 12,800 ያስፈልገኛል። በዚያው መብራት፣ በዚያው ሹተር፣ ኤፍ 2.8 ሌንስ 6,400 ይበቃዋል። ኤፍ 1.8 ደግሞ 2,500። አንድ ስቶፕ «ብቻ» የተባለው የብርሃኑ ግማሽ ነው፤ ከኤፍ 4 እስከ ኤፍ 1.8 ያለው ደግሞ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ነጭ መብራት ቢሆን 12,800ን እታገሠው ነበር። የመድረክ መብራት ግን ነጭ አይደለም። ሙሉ ቀይ ወይም ሙሉ ሰማያዊ ሲበራ፣ በአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር ላይ ቀዩን የሚያነበው ከአራት ፒክስል አንዱ ነው፣ ሰማያዊውንም እንዲሁ። የቀሩት ሦስቱ ከሞላ ጎደል ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። አይኤስኦ 12,800 ላይ ይህ ሲጨመርበት ፊት አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

«ኖይዝ የሚያጠፋ ሶፍትዌር አለ» ይለኛል ቀጥሎ። አለ። አሸዋውን ሲጠርግ ላቡንም አብሮ ይጠርገዋል። ቆዳው ሰም ይሆናል፣ የፀጉሩ ዘለላ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እኔ እኮ እዚያ የምገባው ላቡን ላነሳ ነው፤ በጉንጯ ላይ የወረደውን ያንን አንድ ጠብታ።

ፎከሱም አለ። ካሜራዬ ፎከስ የሚፈልገው ሌንሱ እስከመጨረሻው ተከፍቶ ስለሆነ አፐርቸሩ ጠባብ የሆነ ሌንስ ጨለማ ውስጥ ይዳክራል፤ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እስኪያገኘው ቅጽበቱ አልፏል። በብዙ ትልልቅ ኮንሰርቶች ለፎቶ አንሺ የሚፈቀደው የመጀመሪያዎቹ 3 ዘፈኖች ብቻ ናቸው፣ ያውም ያለ ፍላሽ። ያ 10 ወይም 12 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ውስጥ ሌንስ ሲዳክር የሚጠፋው እያንዳንዱ ሰከንድ ያንገበግባል።

ለስድስት ወር ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። አያያዜን ቀየርኩ፣ ክርኔን ከደረቴ አጣበቅኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ማንሳት ለመድኩ። ከሌንሱ ፊት የገጠምኩትን መከላከያ ፊልተርም አወለቅኩ፤ ይህኛው ጠቅሞኛል፣ የመድረኩ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ፎቶው ላይ የሚንሳፈፉት አረንጓዴ ነጠብጣቦች አብረውት ሄዱ። የድምፃዊያኑ ፊት ግን ያው ጭጋግ ነበር።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አዋሰኝ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ዙም የሌለው፣ ስታቢላይዘርም የሌለው ሌንስ ነው። ያንን በሻጩ ፊት ባነሳው ኖሮ «ለጀማሪ ነው» ብሎ እንደሚመልሰኝ አልጠራጠርም። ያው አዳራሽ፣ ያው መብራት፣ 1/250ኛ፣ አይኤስኦ 2,500። ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ፎቶ ሳሰፋው የጊታሪስቱ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ የስድስቱ ወር ፎቶዎች ትዝ አሉኝ፤ ተመልሰው የማይገኙ ምሽቶች ናቸው፣ አንዱ ቡድን ከዚያ በኋላ ተበትኗል። ንዴቴ ያኔ ጀመረ፣ እስካሁንም አልበረደም።

85ቱ እንከን የለውም አልልም። ድምፃዊው ወደ መድረኩ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ እኔም ከአጥሩ ፊት ወዲያና ወዲህ የምልበት ቦታ የለኝም፤ ያኔ ዙሙ ይናፍቀኛል። በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ስፋትም ጠባብ ነው። በ4 ሜትር ርቀት 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2 ሜትር ግን 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፣ ያኔ ፎከሱ ማይኩ ላይ ካረፈ ዓይን ይደበዝዛል። እዚህም ማይኩ ጥርት ብሎ ፊቱ የጠፋባቸው ፎቶዎች አሉኝ። ልዩነቱ ይህንን ማረም መቻሌ ነው፦ የፎከሱን ነጥብ ወደ እኔ በቀረበው ዓይን ላይ አደርጋለሁ፣ ቅርብ ከሆንኩም አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 2.2 አጠባለሁ። በኤፍ 4 ሌንስ ላይ ግን የሌለ ብርሃን ከየትም አላመጣም።

ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው እንደሚቆምበት ቦታ ይለያያል። ትንሽ አዳራሽ፣ መድረኩ አጠገብ ከሆነ 35 እና 85፣ ሁለቱም ኤፍ 1.8፤ ሁለቱን የሚሸከም አንድ ካሜራ ብቻ ካለው 85ቱን ያስቀድም። ካሜራው ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የ75 ወይም የ80ን ሥራ ይሠራለታል፣ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ትልቅ መድረክ ከሩቅ የሚያነሳ ግን ዙም የግድ ይለዋል፤ እንግዲያው ኤፍ 2.8 እስኪችል ይጠብቅ፣ ወይም ለምሽቱ ይከራይ። የእኔ ኤፍ 4 ያላሳፈረኝ አንድ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከፊት ለፊት ኃይለኛ ነጭ መብራት የተተከለበት ሰፊ መድረክ ላይ፣ በ1/320ኛ እና በአይኤስኦ 3,200። እነዚያ ፎቶዎች ያምራሉ። እንዲህ ያለ መብራት ግን የሚገጥመኝ አልፎ አልፎ ነው፣ ሌንስ ደግሞ ለአልፎ አልፎ አይገዛም።

ባለፈው ወር የራሴን 85 ገዛሁ፣ ዙሙንም ለሽያጭ አወጣሁት። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ደወለ። ስለ ጭረቱ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ዋስትናው ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደሚያነሳበት ጠየቅኩት። «የባንድ ምሽቶች፣ ጨለማ ውስጥ» አለኝ፤ ቀጥሎም «ስታቢላይዘሩ 4 ስቶፕ ነው አይደል?» አለ። አዎ፣ 4 ነው አልኩት፣ ግን ለምታነሳው ነገር አይሆንህም፣ አትግዛው። ለምን እንደሆነ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት፣ 20 ደቂቃ ያህል አወራን። ሌንሱ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው።