ሳንባ ላይ ያለን ዕጢ በመርፌ ማቃጠል፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚሄድ ታካሚ ያዋጣል?

ከሌላ አካል ተነስቶ ወደ ሳንባ የተዛመተ ካንሰር ያለበት ሰው ሲቲ ስካኑን ውጭ አገር ሲልክ «ደረት ሳንከፍት በመርፌ እናቃጥለዋለን» የሚል መልስ ከነፕሮፎርማው ሊመጣለት ይችላል። ሕክምናው ጥሩ ነው፤ ብዙ ታካሚዎች አንድ ሌሊት አድረው ይወጣሉ። ችግሩ ፕሮፎርማው የሚዘላቸው ነገሮች ላይ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እዩ። ዕጢው ከ3 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ቁጥሩም ከ3 ወይም ከ5 ካልበለጠ፣ የተነሳበት ቦታ (አንጀትም ይሁን ኩላሊት) ከታከመ ውጤቱ ያስደስታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዳር ዳሩ ሳይነካ እየቀረ ያገረሻል። ቲቢ በበዛበት አገራችን ደግሞ ሳንባ ላይ የታየ ነጠብጣብ የድሮ ጠባሳም ሊሆን ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ናሙና ሳይመረመር ትኬት አትቁረጡ።

መርፌው በሲቲ ስካን እየታየ በጎድን አጥንቶች መሐል አልፎ ዕጢው ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ሕዋሱ ወዲያው ይሞታል። ዕጢው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጤነኛ ሳንባም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ አብሮ መቃጠል አለበት። ሬዲዮፍሪኩዌንሲ የሚባለው መሣሪያ የሚያቃጥለው ጭን ላይ በሚለጠፍ ፓድ በኩል በሚዞር ኤሌክትሪክ ነው፤ ፓዱ በደንብ ካልተለጠፈ ቆዳ ያቃጥላል። ቡና ሲቆላ እሳቱ ከበዛ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል አይደል? እዚህም ኃይሉ በችኮላ ከተጨመረ መርፌው ዙሪያ ያለው ሥጋ ይከስልና ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ማይክሮዌቭ የሚባለው ሌላው መሣሪያ ፓድ አይፈልግም፣ አየር በሞላው ሳንባ ውስጥም ሙቀቱ ቶሎና ሰፋ ብሎ ይደርሳል። ምርጫ ከተሰጠ እሱን እንመርጣለን። ሁለቱም ግን አንድ ደካማ ጎን አላቸው፦ ዕጢው ከ3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ያ ወገን ሳይሞት ሊቀር ይችላል።

ፕሮፎርማው ሲመጣ የመርፌው ዋጋ ስንት ተብሎ እንደታሰበ ጠይቁ። መርፌው አንዴ ብቻ የሚያገለግል ነው፣ ከሂሳቡም ትልቁን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ዕጢው በሁለቱም ሳንባ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሁለቱም ወገን አብሮ አየር ካፈሰሰ ለሕይወት ያሰጋልና። ስለዚህ የሁለት ጊዜ ሂሳብና ማረፊያ ያስፈልጋል።

የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የልብ ምት መሣሪያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ጫት የሚቅምም ለማደንዘዣ ሐኪሙ አይደብቅ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ያንራል።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር መርፌው በወጋው ቀዳዳ አየር አምልጦ ሳንባውን መጫኑ ነው። ትንሽ ከሆነ በራሱ ይጠፋል፣ ከበዛ በደረት ቱቦ ይወጣል። ከሰዓታት በኋላ ራጅ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ ከቀናት በኋላ የሚመጣም አለ። የታፈነ አየር ከፍታ ሲጨምር ይለጠጣል፤ ስለዚህ አየሩ መጥፋቱ በራጅ ሳይረጋገጥ አውሮፕላን አይታሰብም። የሐረር ሰው ደግሞ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ ብሎ አይዘናጋ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት መውጣት አለበት፣ ሐረር ራሷም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመመለሻ ትኬቱ ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ትኩሳት፣ የደረት ሕመምና ዝገት የመሰለ አክታ የሚጠበቅ ነው፤ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም እየባሰ የሚሄድ ትኩሳት ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል።

በ1 ወር ሲቲ ስካን ሲነሳ የተቃጠለው ቦታ ከመጀመሪያው ዕጢ ገዝፎ ይታያል። ይህ ማደግ አይደለም፣ ጠባሳው ነው። እዚህ የሚያነበው የራጅ ሐኪም ግን የሚያመሳክርበት ከሌለው «ዕጢው ጨምሯል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ስትወጡ ከሕክምናው በፊትም በኋላም የተነሱትን ስካኖች በሲዲ ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም።