ትልቅ ጎማ አስገብታችሁ መሪ ለከበዳችሁ፦ ሌላ ሳጥን መግዛት ወይስ የራስን ማደስ?

ዘንድሮ ለፋሲካ ሰሞን ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው። «ጎማውን 35 ኢንች አድርጌው መሪው ድንጋይ ሆነብኝ፤ የትኛውን የመሪ ሳጥን ልግዛ?» የመሪ ሳጥን ማለት የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። ለአራቱም «ምንም አትግዛ» አልኩ። አንዱ ስልኩን ዘጋብኝ። ለሦስቱ ያስረዳሁትን እዚህ ልጻፈውና ስልኬም ይረፍ።

የኔ መኪና ላንድክሩዘር 75 ሃርድቶፕ ናት። ሞተሯ 1ኤችዜድ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። ቱሪስት ይዤ አፋር እወርዳለሁ፣ ባሌ እወጣለሁ። ድሮ 7.50 በ16 ጎማ ነበር የምትሄደው። እሱም ቁመቱ 32 ኢንች ይጠጋል፣ ግን ቀጭን ነው። እኔ 315/75 አስገባሁ፤ 35 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ለፎቶ ያምራል፣ አይካድም። ፒያሳ ጠባብ ቦታ ላይ ላቁም ስል ግን በሁለት እጄ ታግዬ ትከሻዬ እስኪዝል ድረስ ነው።

ሰው ሁሉ ክብደቱን የሚያመጣው ቁመቱ ይመስለዋል። ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ነው። መኪናው ቆሞ መሪ ስታዞሩ ጎማው መሬቱን ይፈጫል፤ ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይፈጫል። ከሱ የባሰው ደግሞ ቸርኬው ነው። ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ሰፊ ቸርኬ ከገዛችሁ፣ ጎማው ከሚዞርበት ነጥብ እየራቀ ይሄድና መሪውን ረጅም ዱላ ይዞ እንደሚታገል ሰው ያደርገዋል። እኔ ጎማውንም ቸርኬውንም በአንድ ቀን ነው የቀየርኩት። ከዚያ ጥፋቱን በመሪ ሳጥኑ ላይ አላከክሁ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 2016 ዶላሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ከታች ያሉት ቁጥሮች እኔ ከኪሴ ያወጣኋቸው ወይም ፊት ለፊት የተጠራልኝ ናቸው። እናንተ ስትሄዱ ይለወጡ ይሆናል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ግን ያው ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ ያገለገለ የመሪ ሳጥን ፍለጋ። ልጁ አንዱን አወጣልኝ፤ ንጹሕ፣ ዘይት ያልነካው፣ ቀለሙ እንኳን ያልተላጠ። «ወንድሜ፣ የጃፓን ነው፤ በዓይኔ አይቼ ነው ያስፈታሁት» አለኝ። 80 ሺህ ጠርቶ በ58 ሺህ ተስማማን። 22 ሺህ ብር ያስወረድኩ ጀግና መስሎኝ ቡና ጋበዝኩት።

መካኒኬ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳጥኑን አገላብጠው አዩት። ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሻንሲው ላይ አስጠጉት። ቀዳዳዎቹ አይገናኙም። ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የቀኝ መሪ ነው» አሉኝ።

ልጁ አልዋሸም። የጃፓን ነው ብሎ የጃፓን ነው የሸጠልኝ። ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነው። ኬንያም፣ አውስትራሊያም እንደዚያው። ከእነዚህ አገሮች የተፈታ ሳጥን በመስታወት ውስጥ እንደታየ የኛ ሳጥን ነው፤ አይገጥምም። ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣው ግን እንደኛው የግራ መሪ ነው። ስመልሰው «ከእጅ ከወጣ አንመልስም» ተባልኩ። 58 ሺህ ብር ውሃ በላው።

ያገለገለ ሳጥን የግድ የምትገዙ ከሆነ፣ አሮጌውን አስፈትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከዚያ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የመሪው ዘንግ የሚገባበትን ጫፍ በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። መሀል ላይ ትንሽ ጠበቅ ማለቱ ጤነኛ ነው። አሸዋ እንደበላ ድድር የሚል ከሆነ ግን ውስጡ ኩሽኔታው አልቋል። ሁለተኛ፣ የቱቦውን ቀዳዳ ዘቅዝቁ። ቀይ ዘይት ቢወጣ እሰየው። የተቃጠለ የሚሸት ጥቁር ወይም ወተት የመሰለ ከሆነ ቦታው መልሱት። ሦስተኛዋን ማንም አያያትም። ከሥር የሚወጣው ወፍራም ዘንግ ላይ፣ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይሾልክ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ጋ ጥፍራችሁን አንሸራትቱ። ጥፍራችሁ ከያዘ ዝገት በልቶታል ማለት ነው። የፈለገ አዲስ ሲል ብታስገቡ በወሩ ያንጠባጥባል። እኔ ያንን ቀን ጥፍሬን የተጠቀምኩት ብር ለመቁጠር ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ አልፎ ደህና የግራ ሳጥን በቅርቡ ሲጠራ የሰማሁት 68 ሺህ ብር ነው። ያውም የማን እጅ እንዳለፈበት ሳታውቁ።

አዲስ ኮፒ ሳጥንስ? 52 ሺህ ብር፣ በሚያብረቀርቅ ካርቶን፣ የቶዮታን አርማ የሚመስል ነገር ተለጥፎበት። አንድ ወዳጄ ገጥሞት ነበር። በሦስተኛው ወር መሪው መሀል ላይ እየላላ መጣ፤ መንገድ ላይ መኪናው እንደ ሰካራም ይሄዳል። በነጻ ቢሰጡኝ እንኳን አልገጥመውም። ፍሬን ቢደክም በካምቢዮ ትቀንሳላችሁ። መሪ ሲበጠስ ምን ትቀንሳላችሁ?

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ የራስን ማደስ። የላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን ብረቱ አይሞትም። የሚሞተው የውስጡ ላስቲክ ነው፤ ሲሉና ኦሪንጉ። ሲሉ ሲያልቅ የመሪ ዘይቱ ግፊት በውስጥ ይሾልካል፤ የመሪ ፓምፑ ይገፋል፣ ጎማው አይዞርም። በቀጭን ጎማ ይህ ድካም አይታወቅም። 35 ስታስገቡ ግን ገሃድ ይወጣል። ብዙ ሰው «ሳጥኑ አልቻለም» የሚለው እውነቱ ይሄ ነው።

እኔ እዚህም አንዴ ተሸውጃለሁ። የሲል ኪት (ሲሎቹ ተሟልተው ያሉበት ጥቅል) ፈልጌ 1,300 ብር የሚል አገኘሁ፤ ኦሪጅናሉ 7,500 ነው። ልዩነቱ ዓይኔን አሳወረኝ፣ ርካሹን ገዛሁ። ለእጅ ዋጋ 6,000 ከፈልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቅቤ ሄደ። አፋር ወርጄ፣ አሸዋ ላይ ጎማ አስተንፍሼ፣ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን መሪ ሳሽከረክር ሲሉ እንደ ብስኩት ደረቀ። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የላቫ ድንጋይ ላይ ቱሪስቶቹ ፎቶ እያነሱ እኔ ከሥር ተኝቼ ቀይ ዘይት እያየሁ ነበር። ሁለት ሊትር ይዤ ስለነበር እየሞላሁ ወጣሁ።

ተመልሼ ኦሪጅናሉን በዱባይ በኩል አስመጣሁ። የሳጥኑ ኪት 7,500፣ የፓምፑ ኪት 4,200፣ ሦስት ሊትር ዘይት 2,700፣ የእጅ ዋጋ 9,000። ድምር 23,400 ብር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አፋር ወርጃለሁ፤ ከሥሯ ካርቶን ባነጥፍ ጠብታ የለም።

የፓምፑን ኪት አትዝለሉት፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። 1ኤችዜድ ላይ የመሪ ፓምፑ ቺንጋ የለውም። ከሞተሩ የፊት ጥርሶች ጋር ነው በጥርስ የሚዞረው። ስለዚህ የፓምፑ የዘንግ ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ ወደ ሞተር ይገባል። እኔ ለወራት የመሪ ዘይት በየሳምንቱ እሞላ ነበር፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ የለ። ጎረቤቴ «ሰይጣን ነው የሚጠጣልህ» እያለ ይስቅ ነበር። የሞተሩን ዘይት ስንቀይር ነው ሚስጥሩ የወጣው፤ ከሚገባው በላይ ሞልቶ ተገኘ። የመሪ ዘይታችሁ ጠፍቶ ወለሉ ደረቅ ከሆነ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ ምዘዙና እዩ።

ዘይቱ ቀዩ ነው፤ ዴክስሮን። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የፍሬን ዘይት ሊሞላልኝ ጣሳውን ከፍቶ ደርሼበታለሁ። የፍሬን ዘይት የመሪውን ሲል ያሳብጠዋል። 7,500 ብራችሁ በአንድ ብርጭቆ ሄደ ማለት ነው።

ሌላው በሽታ ሳጥኑ አናት ላይ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ናት። መሪ ላላ ብሎ ጋራዥ የገባ ሁሉ እሷን ነው የሚያስጠብቀው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ፣ 500 ብር። ሲበዛ ግን ሳጥኑ ውስጡን ይበላል፤ መሪውም አዙራችሁ ስትለቁት ወደ መሀል አይመለስም። ቀለበት መንገድ ላይ በ80 እየሄዳችሁ መሪው የተዞረበት ሲቀር ምን እንደሚሰማ አልመኝላችሁም። ከሷ በፊት ታይሮዶቹን (መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን ዘንጎች) አስፈትሹ።

እንዲያውም ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ፤ ከጃክ በቀር ወጪ የለውም። የፊቱን አክስል አንሱ፣ ከሳጥኑ የሚመጣውን ዘንግ አስፈቱ፣ ጎማውን በእጃችሁ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩት። በቀላሉ ካልዞረ ጥፋቱ ከሳጥኑ አይደለም። ጎማው የሚዞርበት የላይና የታች ኩሽኔታ ግሪሱ ደርቋል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል። ካስረዳኋቸው ሦስት ሰዎች የአንዱ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ግሪስና የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ከፍሎ ጨረሰ፤ ሳጥን ሊገዛ ግን ቀብድ ከፍሎ ነበር።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ያላቸው ደግሞ «ራም ይላክልኝ» ይላሉ። ነገሩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የራሳችሁ ሳጥን ላይ ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ ቱቦ ወጥቶ አክስሉ ላይ ወደታሰረ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ይሄዳል። መሪ ስታዞሩ ሲሊንደሩም አብሮ የታይሮዱን ዘንግ ይገፋል። ሳጥኑም ሻንሲውም ያርፋሉ። ዋጋው ግን እዚያው አሜሪካ ተሟልቶ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። በዛሬው ምንዛሬ ስታሰሉት ቁጭ ብላችሁ ይሁን። በዚያ ላይ ደግሞ የሚያመጣው ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው ያለው፤ ከእናቱ ዕቃ ጋር ተሻሙ።

ዋናው ችግሬ ግን ዋጋው አይደለም። ሲሊንደሩ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። የኛ ፓምፕ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ «ትልቅ ፓምፕ ግዛና ቀይር» የሚባል ነገር ቀላል አይደለም። በቂ ዘይት ካልደረሰው መሪውን ቶሎ ስታዞሩ መሀል ላይ ይነክሳል። የዘይት ማቀዝቀዣም መጨመር አለበት፣ በተለይ አፋር ለሚወርድ። ቀዳዳውን የሚበሳው ቶርኖ ቤት አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ካስቀረ ደግሞ ሳጥኑም ፓምፑም አበቃላቸው። 37 ጎማ ላላችሁና በየሳምንቱ ድንጋይ ለምትወጡ ግዙት። ለሌላው ሰው አይመከርም።

የመሪ አሞርዛተር ግዙ የሚላችሁ ካለ፣ እሱ ንዝረት ያበርዳል እንጂ ክብደት አይቀንስም። ዝለሉት።

ሻንሲው ላይ ሳጥኑ የታሰረበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ በባትሪ መብራት እዩት። 35 ጎማ ያስገባ ሰው እዚያ ጋ ስንጥቅ ቢያገኝ አይገርምም። ስንጥቅ ካለ መጀመሪያ ብየዳ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁትን ልናገር። ያንን ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ሸጥኩት፤ የፋብሪካውን መለስኩ። ጎማውን 285/75 አደረግሁት፤ 33 ኢንች ሊሆን ትንሽ የቀረው። ከድሮው አንድ ኢንች ይረዝማል፣ ላቫውንም አሸዋውንም ይወጣል። መንገድ ላይ የሚያጨበጭቡት ልጆች ቀንሰዋል። ፒያሳ ላይ ግን በአንድ እጅ አቆማለሁ፤ በሌላው ስልክ አነሳለሁ፤ የሚደውለው ደግሞ መሪ ስለከበደው ሰው ነው።

የቀኝ መሪ ሳጥኑ አሁንም አልጋዬ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ። ባለቤቴ በየበዓሉ ጽዳት ታነሳብኛለች። ንጹሕ ነው፣ ድድር አይልም፣ ጥፍርም አይይዝም፤ በኋላ ሞክሬዋለሁ። ናይሮቢ ዘመድ ያለው ካለ በ40 ሺህ እሰጠዋለሁ። ቢከራከረኝም እስከ 35 ሺህ እወርዳለሁ፤ ቡና ግን አልጋብዝም።