ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 10 የመለሰልኝን ባለሙያ አመስግኑልኝ

ልጁ ስሜን እንዳትጽፊ ብሎኛል። ስራ በዝቶበታል፣ ደግሞ ይሉኝታም አለበት። እሺ፣ ስሙን አልጽፍም። ስራውን እንዳልጽፍ ግን አልከለከለኝም፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔን ስገዛው ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ነው የመጣው። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ለ11 ዝቅተኛው ይሄ ነው ያለው ልክ 4 ጊጋ ስለሆነ በወረቀት ደረጃ ምንም አይጎድለውም። እኔ ጋ ግን ብሮውዘር ከፍቼ ከጎኑ አንድ ሰነድ ስጨምር ማውሱ እንኳ እየተንቀራፈፈ ነው የሚሄደው። እህቴ ከኔው በእድሜ የሚበልጥ፣ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ አላት፤ የሷ ይሻላል። ይሄን እያየሁ ስንት ወር ቆየሁ፣ በመጨረሻ በቃ ወደ 10 ልመለስ አልኩ።

ከ10 ወደ 11 ያሳደገ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ሴቲንግ ገብቶ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደነበረበት መመለስ ይችላል። የኔ ከመጀመሪያው 11 ሆኖ የመጣ ስለሆነ ወደኋላ የሚመለስበት ነገር የለውም። ያለው አማራጭ ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴ ጀመርኩት። ፋይሎቼን ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ (በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በትክክል የሰራሁት ነገር እሱ ብቻ ነው)፣ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጀሁ፣ 10ን ጫንኩበት፣ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሳሁት። የት ልጫን የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ዝርዝሩ ባዶ። ምንም ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ዲስኬ ሞተ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አልሞተም፤ ለምን እንደማይታይ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። በማግስቱ ተቀበይ አሉኝ፣ እውነትም 10 ተጭኗል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ዋይፋይ የለም። ድምፅ የለም። ታችፓዱ በድን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ገዝፏል። መልሼ ስወስደው ድራይቨር (ዊንዶውሱ እንደ ዋይፋይና ድምፅ ካሉ እቃዎች ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) በራሱ ፈልጎ ይጭናል የሚባል ፕሮግራም ለቀቁበት። እሱ ዋይፋዩን አስነሳው፣ ግን ከጓዙ ጋር ነው የመጣው፦ ያላዘዝኳቸው ሁለት ፕሮግራሞች፣ የተቀየረ የብሮውዘር መነሻ ገጽ፣ በየአስር ደቂቃው ብቅ የሚል ማስታወቂያ። ድምፁና ታችፓዱስ ስል "ለዚህ ሞዴል 10 አይሆንም፣ ድራይቨር አልተሰራለትም" ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ለሳምንት አላየሁትም።

ከዚያ የስራ ባልደረባዬ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ላፕቶፑ እንኳ አልነበረም። "እህቴ፣ ፋይሎችሽ የት ናቸው?" አለኝ። የውጭ ዲስክ ላይ አልኩት። "ከፍተሽ አይተሻል?" አላየሁም። ቁጭ አድርጎ አስከፈተኝ፤ ሶስት አራት ፎቶና ሰነድ እየከፈትኩ ካሳየሁት በኋላ ነው እጁን ላፕቶፑ ላይ ያሳረፈው።

ቀጥሎ ከኔ ጋር ተከራከረ። ራም ብትጨምሪስ፣ እሱ ይሻልሻል አለ። ከፍቶ ሲያይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ መጨመሪያ ቦታም የለውም። እሺ እንግዲያው 10 ይሁን፣ ግን አንድ ነገር እወቂ አለኝ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ አለ፣ እሱንም ለማግኘት መመዝገብና የመጨረሻው እትም፣ 22ኤች2 የሚባለው፣ መጫን አለበት። "እኔ እመዘግብሻለሁ፣ ግን ይሄ መሸጋገሪያ ነው፣ ለዘላለም የሚሆን ነገር አይደለም" አለ። ስራ ሊያመልጠው እንደሚችል እያወቀ እንዲህ የሚል ባለሙያ እኔ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ባዶው ዝርዝር ልመለስ። የኔ ላፕቶፕ ኢንቴል 11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው ያለው። ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በቀጥታ ሳይሆን ቪኤምዲ በሚባል የኢንቴል መቆጣጠሪያ በኩል ነው የሚገናኘው። የ10 መጫኛ ፍላሽ ውስጥ ደግሞ የዚህ መቆጣጠሪያ ድራይቨር የለም። ስለዚህ ዲስኩ ደህና ሆኖ መጫኛው አያየውም። ጥገና ቤቱ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብቶ ቪኤምዲውን አጥፍቶ ነው የጫነው። ይሄ ይሰራል፣ ልጁም ይሰራል ነው ያለው። "ግን ነገ አንድ ሰው ባዮሱን ሪሴት ቢያደርገው ቪኤምዲው ይመለሳል፣ ያኔ ዊንዶውስሽ አይነሳም፤ አንቺም ዲስኬ ተበላሸ ብለሽ ትሮጫለሽ።" ሳቅኩ፣ ሮጬ አውቃለሁና።

ጥገና ቤቱ የጫነውን ሊጠግነው አልፈለገም። ማስታወቂያውም አለ፣ ደግሞ ሲያየው ፕሮ የሚባለውን የዊንዶውስ እትም ጭነው በክራክ፣ ያለ ህጋዊ ፈቃድ ማለት ነው፣ ነው የከፈቱት። ይሄን እኔ አላወቅኩም ነበር! ከነጭራሹ ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ቪኤምዲውን እንደነበረ መለሰው፣ ከኢንቴል ያወረደውን የዲስክ ድራይቨር ፍላሹ ላይ አስቀመጠ፣ የዲስኩ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሲመጣ ድራይቨር ጫን የሚለውን ነክቶ ፎልደሩን አሳየው። ዲስኩ ብቅ አለ። ራሳችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ይሄን ያዙ፦ ያወረዳችሁት ነገር የሚጫን ፕሮግራም ከሆነ መጫኛው አያነበውም። መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተፈቶ ውስጡ ያለው ፎልደር መገልበጥ አለበት። እኔ ብሆን እዚህ ጋ ሌላ ሁለት ቀን እቀመጥ ነበር።

የዊንዶውሱ ፈቃድም ያለ ክራክ ሆነ። ላፕቶፑ ከ11 ሆም ጋር ነው የመጣው፣ እሱ 10 ሆም ጫነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ተከፈተ። ቁልፍ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ድራይቨሩ መጣ፤ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ክፍል ይሄ ነው። ዲቫይስ ማናጀር (የላፕቶፑን እቃዎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ) ሲከፈት ሰባት ቢጫ ምልክት፣ ድራይቨር ያላገኙ እቃዎች ማለት ነው። ኢንተርኔት ስለሌለ ስልኬን በኬብል ሰክቶ ከስልኩ አስገባው፣ ዋይፋይ ባይኖርም ሰራ። ቢጫዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ያነባል። መለያው ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር የሰሪው ነው። 8086 ካለ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ። 8086 እኮ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም ነው ብሎ እየሳቀ ነገረኝ፣ እነሱም ቀልደኞች ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር የእቃው ነው። ሁለቱን ይዘህ ከፈለግክ "ያልታወቀ እቃ" የሚባል ነገር የለም አለ። ያኛው ቤት ግን ያልታወቀውን እንዳልታወቀ ነው የመለሰልኝ።

የላፕቶፑ ካምፓኒ ድረ ገጽ ለኔ ሞዴል ያስቀመጠው የ11 ድራይቨር ብቻ ነው። "ድራይቨር አልተሰራለትም" ያሉኝ ይሄን አይተው ይመስለኛል። ልጁ ግን የዋይፋዩንና የግራፊክሱን ከራሱ ከኢንቴል አወረደ፤ አንዱ ፋይል ለ10ም ለ11ም ይሆናል። የቺፕሴቱን (የቦርዱን እቃዎች የሚያገናኘውን ክፍል) ድራይቨር መጀመሪያ ጫነ፣ እሱ ሲገባ ብቻ ሁለት ቢጫ ጠፋ። ድምፁን ከኢንቴልም ከሪልቴክም አልወሰደም፣ የድምፅ ድራይቨርን ላፕቶፕ ሰሪዎቹ ለየሞዴላቸው ስለሚያስተካክሉት ከነሱ መምጣት አለበት ብሎ ከኔው ጋር ተመሳሳይ እቃ ያለውን፣ ግን ከ10 ጋር የተሸጠውን ወንድም ሞዴል ፈልጎ ከሱ ገጽ አመጣው። ቁጥሮቹን አስተያይቶ ነው፣ በግምት አይደለም።

ታችፓዱስ? እዚህ ጋ እኔም ተምሬያለሁ። ሁላችንም የታችፓድ ድራይቨር ነበር ስንፈልግ የነበረው። ችግሩ ታችፓዱ አልነበረም። የዘመኑ ታችፓድ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው ሲሪያል አይኦ በሚባል የኢንቴል ክፍል በኩል ነው። የሱ ድራይቨር ከሌለ ታችፓዱ መኖሩም አይታወቅም፣ በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ እንኳ አይወጣም። ሲሪያል አይኦውን ጫነው፣ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ቀስቱ ተንቀሳቀሰ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አንድ ነገር አልሆነም። የጣት አሻራ ማንበቢያው እስከ መጨረሻ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለገ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋ አድርጎ "ለዚህ የሚታመን ድራይቨር አላገኘሁም፣ ካልታወቀ ቦታ አምጥቼ አልጭንብሽም" አለ። በፓስዎርድ እገባለሁ፣ ምን ችግር አለው።

ሊሄድ ሲል በትክክል የሰሩልኝን ድራይቨሮች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ፎልደር አውጥቶ ፍላሼ ላይ አስቀመጠልኝ። ዊንዶውሱ ውስጥ ፒኤንፒዩቲል የሚባል መሳሪያ አለ፣ በሱ ነው። ቀጣይ ጊዜ ማንም ቢጭነው ከዚህ ይውሰድ አለ። ይሄን ነገር 11ዱን ከማጥፋቴ በፊት ባውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ፍለጋ ባጠረ ነበር። ገና ያልጀመራችሁ ሰዎች ከማጥፋታችሁ በፊት አውጡት፤ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነም ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ባዮስ ሲነካ ይጠይቃችኋልና።

ፍጥነቱን ለምትጠይቁኝ፦ ተአምር አልሆነም። 4 ጊጋ ያው 4 ጊጋ ነው። ግን ብሮውዘርና ሰነድ አብረው ይከፈታሉ፣ ማውሱም አይንቀራፈፍም፣ ይሄን ጽሁፍ የጻፍኩትም በሱ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። ስድስት ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳትነጫነጭ፣ እኔ የጠየቅኩህን የሞኝ ጥያቄ ሁሉ እያስረዳህ ነው የሰራኸው።

እሱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ላፕቶፓችሁን ገልብጡና ከስሩ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱት። ክዳኑ ላይ ያለው ስም አይበቃውም፣ እኔንም በሱ ምክንያት ሁለቴ መልሶኛል።