በቪትዝ እንጦጦ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣሁት። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ እማዬ «እንጦጦ ማርያምን ሳታሳልመኝማ አትሄድም» አለችኝ።

ከአሜሪካ ሆኜ ከአንድ አከራይ ጋር በላንድክሩዘር ተስማምቼ ነበር። በመሄጃችን ጠዋት ደውሎ ዋጋ ጨመረብኝ። ተውኩት። አንድ የሰፈር ልጅ በቪትዙ፣ እዚያው ቆሞ ሊጠብቀን ጭምር፣ በግማሽ ዋጋ ወሰደን።

እውነቱን ለመናገር ቪትዟን ሳያት ፈርቼ ነበር። ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ደህና ሄደች። የባህል ልብስ ሱቆቹን ካለፍን በኋላ ግን ዳገቱ ለጉድ ነው። ልጁ ኤሲውን አጠፋ፣ መስኮት አስከፈተን። «አይዞሽ የኔ እናት» ሲል እማዬ «አቤት ልጄ» አለችው። ለካ ለቪትዟ ነው። ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ሲመጡ ግን ጥግ ይዞ ቆመላቸው፤ ጥሩምባም አልነፋባቸውም። ለዚህ ብቻ ቲፕ ይገባዋል።

ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ ብርዱም አይጣል ነው። ጋቢ ያዙ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው ጭቃ ምርግ ሆኖ በኖራ የተቀባ ቤት ነው፤ እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። የሙዚየሟ አስጎብኚ ጎበዝ ናት። ብርዱን ሽሽት፣ የፍልውሃን ሙቀት ፍለጋ ጣይቱ እንዴት ወደ ታች እንደወረዱ ስታወራ እማዬ ጋቢዋን ሰብስባ «እውነታቸውን ነው» አለች።

እይታው ላይ ብዙ ቆየን። እማዬ ጊዮርጊስን ብትፈልግ አጣችው፣ ሕንጻ በዛባት። ልጁ መጀመሪያ ረጅሙን የንግድ ባንክ ፎቅ አሳያት፣ ከዚያ «ከሱ ወዲህ ይምጡ ማዘር» እያለ በጣቱ መራት። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ጭጋግ ከተማዋን ሊሸፍንባችሁ ይችላል።

ቡና የጠጣንበት ቤት ግን አናዶኛል። ማኪያቶ ለማምጣት አርባ ደቂቃ፣ የመጣውም ቀዝቅዞ።

ስንመለስ እማዬ ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላ አማራት። ልወርድ በሩን ስከፍት ልጁ ያዝ አደረገኝ። «አንተ እዚሁ ቆይ ብሮ፣ ጫማህ ያስታውቃል» አለኝና ከእማዬ ጋር ሊከራከርላት ወረደ።