የብሎን ማውጫው ሳጥን ከ8 ወር በኋላ፦ ያወጣልኝ የግራው ፑንታ ነው

የጭነት መኪና ይዤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ብዙ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኜ እመለሳለሁ። ይህን ሳጥን የገዛሁት ከ8 ወር በፊት፣ በ3,200 ብር ነው። የተበጠሰ ብሎን ማውጫ ነው። ውስጡ ወደ ግራ እየዞሩ የሚቆርጡ አምስት ፑንታዎች (የመብሻ ማሽን፣ የትራፓኖ ጫፎች) እና ተበስቶ በተከፈተው ቀዳዳ ገብተው ብሎኑን ወደ ግራ የሚያዞሩ አምስት ጠመዝማዛ ማውጫዎች አሉ። ለትንንሽ ሥራ ሁለት ሦስቴ አንስቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ይህን ያስጻፈኝ ግን ያለፈው ሳምንት ነገር ነው።

መኪናው ጠዋት ሲነሳ "ጠክ ጠክ" ይል ጀመር። ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር መስሎኝ ነበር። ረዳቴ በባትሪ አበራና "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጥቀርሻ አለ" አለኝ። የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው ቧንቧ) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ በሚገጥምበት፣ በመጨረሻው ሲሊንደር በኩል ነው። እዚያ ያለው ብሎን ተበጥሶ ጭንቅላቱ የለም፤ ድምፁ በዚያ የሚያፈተልከው ጭስ ነው።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ቀጥሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሸዋ ሮቢት ጭነህ ስትነሳ፣ በመንገድህ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ላይ ማኒፎልዱ እሳት ይሆናል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ማኒፎልዱ ረጅም ስለሆነ ጉተታው የሚብሰው ጫፍና ጫፉ ላይ ነው። ለዚህ ነው የዳር ብሎኖች ቀድመው የሚበጠሱት።

እዚህ ላይ ሻጩን ላናግረው። ወንድሜ፣ ሳጥኑን ስትሸጥልኝ "ዋናው ጠመዝማዛው ነው፣ ፑንታው መንገድ መክፈቻ ነው" አላልከኝም? አምኜህ ነበር። ከአምስት ወር በፊት የፊተኛው ብሎን ሲበጠስ በተራ ፑንታ በስቼ ጠመዝማዛውን አስገባሁት። ዛገቱ እንደ ብየዳ ይዞት ኖሯል። ትንሽ ጫን ስለው ጠመዝማዛው ቀጭ አለና ብሎኑ ውስጥ ቀረ። ያ ብረት ጠንካራ ነው፣ ተራ ፑንታ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይበሳውም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ገባ። አራት ቀን ቆምኩ። ያን ሰሞን ሳጥኑን ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግኩም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ማኒፎልዱን አወረድን። ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ ገባ ብሎ ተሰብሯል፤ በፒንሳ የሚያዝ ነገር የለውም። ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆን ዳዶ አስበይድበት ነበር፤ ለእንዲያ ዓይነቱ ብየዳን የሚያህል የለም። ዘይት አጠጥተን አሳደርነው። ጠዋት መሃሉን በሹል መምቻ ምልክት አደረግሁ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ መሃሉን የሳተ ፑንታ የቴስታታውን ጥርስ ይበላል። ትራፓኖውን ወደ ግራ አዙሬ፣ በቀስታ፣ በቀጭኑ ጀመርኩ። ቀጥዬ 6 ሚሊ ሜትሩን አስገባሁ።

ግማሽ እንደገባ ፑንታው ነከሰ። ትራፓኖው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብሎኑ ራሱ መዞር ጀመረ! ረዳቴ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ጠመዝማዛውን ሳልነካው በጣቴ ፈትቼ አወጣሁት። የተሰበረበት ፊት ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ነው። ጥቁሩ ቀደም ብሎ የተሰነጠቀው፣ ጭስ የገባበት ነው። ብሎኑ ለብዙ ጊዜ በግማሽ ጉልበት ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተራ ፑንታ ሲቆርጥ ብሎኑን ወደ ማጥበቂያው ይገፋዋል። የግራው ግን ወደ መፍቻው ይስበዋል። ሲበሳ የሚፈጠረው ሙቀትና ውስጡ የተከፈተው ቀዳዳም ተደምረው ዛገቱን ያላላሉ።

አዲሶቹን ብሎኖች የመዳብ ግሪስ ቀባሁና ከመሃል ወደ ዳር አጠበቅሁ። ጓርኒሲዮኑንም (በማኒፎልዱና በቴስታታው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀየርኩ። "ጠክ ጠክ" የለም።

ታዲያ በመግዛቴ ተቆጭቻለሁ? አልተቆጨሁም። ለአምስቱ ፑንታዎች ብቻ ቢሆንም 3,200 ብሩን እከፍል ነበር። ጠመዝማዛዎቹን ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ዳግመኛ አላምናቸውም። ፑንታዎቹ ግን ከቁልፎቼ ጋር መኪናው ውስጥ ይሄዳሉ። ትናንት ሱቁ ሄጄ 6 ሚሊ ሜትሩን የግራ ፑንታ ለብቻው እንዲያመጣልኝ ነገርኩት፤ ሦስት አዝዣለሁ።