የአከርካሪ አርትራይተስ፦ ክኒን ይሻላል ወይስ እንቅስቃሴ?

አከርካሪያችን ከኋላ በኩል ጥንድ ጥንድ የሆኑ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አሉት። ዕድሜ ሲገፋ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን ይሳሳል። የአከርካሪ አርትራይተስ የምንለው ይህንን ነው። ያኔ ረጅም ሰዓት ሲቆሙ ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጡ ወገብ ያማል፤ ጎንበስ ሲሉ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ፋርማሲ ነው። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሕመሙን ቶሎ ያበርዳል፤ ሲብስ ለጥቂት ቀን ይጠቅማል። የሳሳውን ሽፋን ግን አይመልስም። በላይ በላዩ ሲወሰድ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። እነዚህ ችግሮች ያሉበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይነካው እመክራለሁ።

እንቅስቃሴ ሳምንታት ይፈልጋል። ለእኔ ግን ዋናው ሕክምና እሱ ነው። የሆድና የጀርባ ጡንቻ ሲጠነክር አከርካሪው ደህና ድጋፍ ያገኛል። ቀላሉ ይኸውላችሁ፦ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ትንሽ ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያ በሌላው መድገም። የእግር ጉዞም ይጨመርበት። ሕመሙ ከባሰ በግድ አትቀጥሉ፤ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ያሳያችሁ።

እግር አቅም አጥቶ አልታዘዝ ካለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሁለቱንም ትታችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።