ላቦራቶሪው ማለዳ ይከፈታል፤ ካሸሯስ?

እናቴን ለስኳር ክትትል የምወስዳት እዚሁ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ወዳለ የግል ሆስፒታል ነው። ስሙ ይቅር። መሃል ከተማም ቅርንጫፎች አሉት።

ሕክምናው ጥሩ ነው። ዶክተሯ ሁልጊዜ ጫማዋን አስወልቃ እግሯን ጣት በጣት ታያለች። ስኳር ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ንጽሕናውም አይታማም። ሂሳቡን ተዉት።

ዘንድሮ ሆስፒታሉ የመጪዎቹን ዓመታት ዕቅድ ሊያወጣ ነው ተብሎ ታካሚውም ሠራተኛውም አስተያየት ሲጠየቅ ሰነበተ። ጤና ጣቢያ ላይ ነዋሪው ተሰብስቦ በውጤት ካርድ ነጥብ ይሰጣል፤ የግል ሆስፒታል እንዲህ ሲጠይቅ ግን ገና ማየቴ ነው። ግድግዳው ሁሉ ኪውአር ኮድ ተለጠፈበት። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ደግሞ ያው የምናውቀው የሃሳብ መስጫ ሳጥን አለ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጥበቃውን ብጠይቀው ሳቀ።

ቅጹ በአማርኛ ብቻ ነበር። ከገላንና ከዱከም የሚመጣው ብዙ ሰው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። እናቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ደግነቱ አንዲት ተለማማጅ ነርስ ወረቀት ይዛ አግዳሚው ላይ ከጎናችን ቁጭ አለች። ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች።

«እማዬ፣ እዚህ ሲመጡ ምን ያስቸግርዎታል?»

«ረሃቡ ነዋ ልጄ!»

እውነቷን ነው። የጾም ስኳር ለመመርመር ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል። ላቦራቶሪው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሆን ሥራ አይጀምርም ነበር። ማታ በጊዜ በልታ የተኛች አሮጊት መርፌዋንም ሳትወጋ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንዳንዱ ሰው የታዘዘለት የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ብቻ ነው። እሱ ጾም አይፈልግም፤ ግን ማን ይንገረው? በከንቱ ይራባል።

የላቦራቶሪው ልጅ ደግሞ ደም እየቀዳ በሠራተኛው ቅጽ ላይ ምን እንደጻፈ አጫወተኝ። የሰርቪስ ነገር ነው። አብዛኞቹ ከመሃል ከተማ ነው የሚመጡት፤ ሰርቪሱ ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ሲጋፋ ያረፍዳል።

እንግዲህ የእናቴ ረሃብና የልጁ ሰርቪስ አንድ አቤቱታ ናቸው። ለየብቻ ቢነበቡ ኖሮ የእሷ «ሠራተኛው ያረፍዳል» ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት ነበር። የሱ ደግሞ «ጥቅማ ጥቅም» ተብሎ ፋይናንስ ጋ ይተኛል። ዕቅዱ ውስጥም አንድ ተጨማሪ ሕንፃ ይገባና ያልቃል።

አስተዳደሩን አመሰግናለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አነበበ። እዚሁ ቅርብ፣ ኮዬ ፈጬ የሚኖሩ ባለሙያዎችን ለማለዳ ተራ መደበ። ላቦራቶሪው አሁን 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ጾም ለማያስፈልገው ምርመራም ቀጠሮ ካርዱ ላይ «በልተው ይምጡ» ተብሎ ይጻፋል። ለኔ ከሕንፃው ይልቅ ይሄ ነው ዕቅድ።

ባለፈው ታዲያ በማለዳ ደረስን። ልጁ ጓንቱን አጥልቆ ተቀምጧል። ግን ያለ ደረሰኝ ደም አይቀዳም፣ ካሸሯ ደግሞ የምትገባው 2:30 ነው። በቴሌብር ልክፈል አልኩ። ይቻላል፤ ደረሰኙን የምታትመው ግን እሷው ናት! ካሸሯ ቅጽ ይድረሳት አይድረሳት እንጃ።

ይህ እስኪስተካከል ድረስ፣ ለጠዋት ምርመራ የምትሄዱ ከዋዜማው ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ እደሩ።